የሰንበት ነፋስ

እኔ የገና ጾምን የምጾመው በመቀነስ ነው። ከአርባ ሦስት እጀምርና ማታ ማታ አንድ አንድ እያነሣሁ ወደ ታች እወርዳለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ይህን ጠባዬን አትወድም። ጾም የእስር ፍርድ ነው ወይ፣ ቀኑን እንዲህ የምትቆጥርለት ትለኛለች። ካልቆጠርኩት መቼ እንደሚያልቅ በምን ላውቅ ነው? እናንተስ አትቆጥሩም? እስቲ እውነቱን እናውራ፤ እዚህ ማንም አይሰማንም።

ሙያዬን ብነግራችሁ ትፈርዱልኛላችሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ምክትል ርዕሰ መምህር ማለት ደወል ማለት ነው። አርባ ደቂቃ፣ ደወል። አርባ ደቂቃ፣ ደወል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሮ ያልቸኮለ ሰው ካለ አምጡና አሳዩኝ።

ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምሄደው አስልቼ ነው። እሁድ ቅዳሴው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ አጣርቼ አውቃለሁ። ዲያቆኑ በሰላም ግቡ ብሎ ሊያሰናብት ሩብ ሰዓት ሲቀረው በጓሮ በር እገባለሁ። ወይራው ሥር ቆሜ ሦስት ጊዜ አማትባለሁ፣ የቅዳሴ ጠበሌን እጠጣለሁ፣ ከሰው ጋር እወጣለሁ። ስወጣ የሚያየኝ ሰው ከሌሊት ጀምሮ የቆምኩ ይመስለዋል። እኔም እንዲያ እንዳይመስለው አልከለክለውም።

ጾሙ የነቢያት ጾም ይባላል አይደል? ነቢያቱ የጌታን መወለድ ሲጠብቁ የጾሙት ነው ይሉናል። አንድ ቀን ይህን ሳስብ ትንሽ አፈርኩ። እነሱ መቼ እንደሚያበቃ ሳያውቁ ጠበቁ። እኔ ቀኑን አውቄው፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቤው እንኳ መጠበቅ አልቻልኩም። ማፈሬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሥራ ነበረብኝ።

እንግዲህ የማወራችሁ ነገር የደረሰብኝ በዚህ ጠባዬ ላይ ነው።

የትርንጎ አባት አያ ይግዛው ይባላሉ። እኔም እንደ ልጆቻቸው አባየ ነው የምላቸው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተሂዶ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ውስጥ በሚገባ ሰፈር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ከወጣ ስድስት ዓመት ያህል ሆኗል። መጀመሪያ ሰውን በድምፁ መለየት ጀመሩ። ከዚያ በሬዎቻቸውን እየዳሰሱ ስማቸውን መጥራት ጀመሩ። በመጨረሻ መንጋቱንና መምሸቱን ብቻ የሚለዩ ሆኑ። ይህን ሁሉ ግን አንድ ቀን አማርረው ሲናገሩ አልሰማሁም። እያማረረች የምታለቅሰው ትርንጎ ነበረች።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ሰሞን፣ የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ወደ ከተማችን መጥተው ሞራ በነጻ ሊገፍፉ ነው ተባለ። ትርንጎ ወሬውን እንደ ሰማች ሮጣ አስመዘገበቻቸው። ቀጠሯቸው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ። ሐኪሞቹ ረቡዕ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ክረምት ላይ ያየቻቸው ነርስ ደግሞ ሞራው በጣም ስለ በሰለ ከዚህ በላይ ባይቆይ ይሻላል ብላ አስጠንቅቃናለች። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። ወይ ሰኞ ይደርሳሉ፣ ወይ ጨለማው እዚያው ይቀራል።

ታዲያ አባየ ምን ብለው ላኩ? ምርቴን ሳላነሣ የትም አልሄድም ብለው ላኩ።

ለከተማ ልጅ ላስረዳ። ጤፋቸው ታጭዷል፣ በበሬ ተበራይቷል፣ ከነገለባው አውድማው መሐል ተቆልሏል። የቀረው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ ሲመጣ በላይዳ፣ ማለት በዚያ በእንጨቱ አካፋ፣ እየተዛቀ ወደ ላይ ይበተናል። ገለባው ይሄዳል፣ ጤፉ ይወርዳል። ነፋስ ከሌለ ሥራ የለም። እንዲህ ያለ ክምር ደግሞ ተትቶ አይኬድም። አንድ ያልወቅቱ ዝናብ ቢጥልበት የዓመት ቀለብ በሰበሰ ማለት ነው። አባየን አስቸኩሎ የሚያመጣ ሰው ተፈለገ። ትርንጎ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ለመቸኮል ከአንተ የተሻለ ከየት አመጣለሁ አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ቢመጣ ምርቱን የምንሸፍንበት ሸራ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሰይድ የሚባል ደንበኛዬ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ክፍት ነው፣ እሱ ግን ከመደርደሪያው ጀርባ ምንጣፉን ዘርግቶ ይሰግዳል። አንድ ጊዜ ሳልኩ። አልዞረም። ጠንከር አድርጌ ሳልኩ። ወይ ፍንክች። ሁለት ሌሎች ገዢዎችም መጥተው ቆሙ፤ እነሱ ግን አልሳሉም። ሰይድ ጨርሶ ምንጣፉን ቀስ ብሎ ጠቀለለ፤ ሸራዬን ለክቶ ቆረጠልኝ። ስወጣ፣ ጋሼ ጉንፋኑን ዝንጅብል ይጠጡበት አለኝ። እየሳቀ አልነበረም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

አርብ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አባየ ሰፈር ደረስኩ። ስሌቴ ቀላል ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት እናዘራለን፣ እስከ ዘጠኝ እንከታለን፣ ማታ ፍኖተ ሰላም ነን። አውድማው ጋ እንደ ደረስኩ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ ተባልኩ። አውድማ በጫማ አይረገጥም። እሺ ብዬ አወለቅኩ። ቀጥዬ ክምሩን አየሁና ደስ ብሎኝ፣ ስንት ኩንታል ይወጣዋል ብዬ ጠየቅኩ። አባየ እንዳልሰማ ሆኑ። የጎረቤታቸው ልጅ አላምረው፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እሳቸውን እንደ አባቱ የሚረዳ ገበሬ ነው፤ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። መምህር፣ አውድማ ላይ ስንት አይባልም አለኝ። ሰጪው ገና እጁን ሳይሰበስብ የምን መቁጠር ነው አለኝ። ልብ በሉ፣ ከመጣሁ አሥር ደቂቃ አልሆነኝም።

ነፋስ የለም። አባየ ላይዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወደ ቆላው አዙረዋል። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። አምስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ነፋስ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲመጣ ነዋ አሉኝ። ጣቴን በምራቅ እያራስኩ ሽቅብ አነሣሁ። ዙሪያውን ዞርኩ። የትምህርት ቤታችንን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አስመጥቼ ብሰካውስ ብዬ ሁሉ አሰብኩ፤ ሰፈሩ መብራት እንደሌለው ያስታወስኩት ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ስነሣ ነው። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ነፋስ ሳይመጣ አርብ አለቀ።

ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ በዚያ አገር ቅዳሜም እሁድም የአውድማ ሥራ የለም። ቅዳሜን በአባየ ደጅ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። ምርቱን በሸራው ሸፍነን፣ አላምረው እየጠበቀው፣ እኛ እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። አላምረው የራሱ አጨዳ አለበት፣ ቀንና ሌሊት አውድማዬን ሊጠብቅ አይችልም አሉኝ። እሺ የዓይንዎ ነገር ስላቸው፣ ስድስት ዓመት የጠበቀ ዓይን ነው አሉ። ተናደድኩ። ለጤፍ ሲሉ ሊታወሩ ነው እንዴ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። በሆዴ ነው፤ እንዲያ ተብሎ ለአማት አይነገርም።

እሁድ መጣ። ከገና በፊት ካሉት ሦስት እሁዶች መካከለኛው ነበር፤ ስብከት አልፎ፣ ኖላዊ ሳይመጣ ያለው፣ ብርሃን የሚባለው። አባየ በአላምረው እየተመሩ ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲወጡ ዛሬ የእኔ ቀን ነው ብለው ቀለዱ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እውነት ለመናገር ራሴን አላመመኝም፤ እልህ ነው የያዘኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ጎንበስ አለ። ወጣሁ። ነፋስ! ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋው ነፋስ፣ ሥራ በማይሠራበት ቀን፣ ጋቢዬን ከትከሻዬ ሊገፍ መጣ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ እንዲህ ብዬ ተደራደርኩ፦ ጌታዬ፣ የሰንበቱ ኃጢአት በእኔ ይሁን፣ ዓይኑ ለሳቸው ይሁን። መልስ አልጠበቅኩም። ላይዳውን አንሥቼ ገባሁበት።

የመጀመሪያውን ስበትን ገለባው እንደ ጭስ ሄደ። ደስ አለኝ። ሁለት ቀን የጠበቅነው ይህን ነው አልኩ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አሥረኛ። ላብ አጠመቀኝ። ምርቱ ከአንድ ወገን ሲጎድል አየሁ፤ ወደ ታች የሚወርደው ጤፍ ግን ያሰብኩትን ያህል አይደለም። ገና ገለባው ስላልጠራ ነው አልኩና ቀጠልኩ። ቤተ ክርስቲያን የሄደው ሰው በመንገዱ ብቅ ሲል ላይዳውን ጥዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን በጋቢዬ ጠረግኩ። አባየ አያዩ፣ ማን ይነግራቸዋል?

አላምረው ቀድሞ አየኝ። ጠጉሬ ላይ ያለውን ገለባ አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አባየ የላስቲክ ጫማቸውን እንደ ልማዳቸው ራቅ ብለው አወለቁ። አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ። ገና ሣሩ ላይ ናቸው፤ አውድማው ጋ አልደረሱም። የቀኝ እግራቸውን መሬቱ ላይ ቀስ አድርገው አሹት። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩና ወደ ምላሳቸው ወሰዱት።

“ጤፍ እዚህ ድረስ ምን ልትሠራ መጣች?” አሉ።

“ነፋስ ነው፣ አባየ” አልኩ።

“ነፋስ ላይዳ አያነሣም፣ ልጀ።”

ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ስድስት መቶ ተማሪ የሚፈራኝ ሰው ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁሉንም ነገር ተናገርኩ፤ ለዓይናቸው ብዬ እንደሆነም ተናገርኩ። አላምረው ያን ጊዜ ነው ያስረዳኝ። ጤፍ ቀላል ናት። የምትወደው ዝግ ያለውን፣ እኩል የሚነፍሰውን ነፋስ ነው። እንዲህ ያለው ብርቱ ነፋስ ገለባውንና ጤፉን አብሮ ነው የሚወስደው። ለማሽላ ይሆን ይሆናል፣ ለጤፍ አይሆንም። ስለዚህ ሰንበት ባይሆንም ኖሮ አባየ ላይዳቸውን አያነሡም ነበር። እኔ ግን ከአንድ ሰው የሁለት ወር ቀለብ የማያንሰውን ሣሩ ላይ በትኜዋለሁ።

አባየ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። ገና እየነፈሰ ነበር።

“ይህን ነፋስ እኔም አግኝቸዋለሁ” አሉ። “ገና ቅዳሴ ላይ ሳለን በበሩ ገብቶ ፊቴን ሲነካኝ ነበር።”

“ታዲያ አልቆጨዎትም?”

“ምን ይቆጨኛል? ዛሬ ሰንበት ነው። እንደምን አደርክ ሊለኝ ነዋ የመጣው።”

እኔም ፊቴን ወደ ነፋሱ አዞርኩ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ለሥራ ያልተፈለገ ነፋስ ፊቴ ላይ ሲነፍስ ልብ ብዬ አላውቅም። ወይ ብርድ ነው፣ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ ወረቀት ይበትንብኛል።

በመጨረሻ፣ እኔ እቀራለሁ፣ እርስዎ ይሂዱ አልኳቸው። አውድማውን ቀንና ሌሊት እጠብቃለሁ፣ ላይዳውን በእጄ አልነካም ብዬ ማልኩ። አባየ አሰቡ። ለጤፉ ብለው አልነበረም የቆዩት ለካ፤ አውድማቸውን ሰው አልባ ላለመተው ነበር። ሰው ከተገኘ ሌላ ነገር ነው። ሥራውን ሲያከፋፍሉ እንዲህ አሉ፦ አላምረው በአጨዳው ላይ ይዋል፤ ነፋስ ሲመጣ መምህር ይጥራው፤ አላምረው መጥቶ ይበትን፤ መምህር ገለባውን ይጥረግ። እንግዲህ የእኔ ድርሻ ነፋሱን ማወቅ ሆነ። ያን ዓይነት ሥራ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ሰኞ ሲነጋጋ ትርንጎ በባጃጅ መጥታ አባቷን ወሰደች። ስለ ተበተነው ጤፍ ሲነግሯት ዞር ብላ አየችኝ፤ ቁጣውን ለቤት አቆይታዋለች። ለርዕሰ መምህሩ ስልክ ደውዬ የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። ምክንያት ሲለኝ ነፋስ እየጠበቅኩ ነው አልኩት። የታመምኩ መስሎት ወዲያው ፈቀደልኝ።

ሰኞን እንዴት እንደዋልኩ ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። ስልኬ ሞተ። ሰዓቴን በየአምስት ደቂቃው አያለሁ። እዚያ ሐኪም ቤት ምን እየሆነ ይሆን እላለሁ። ቀዶው ባይሳካስ? በእኔ ችኮላ የተበተነው ጤፍ ሳያንስ፣ ዓይናቸውም ባይበራስ? እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ሲያቅተኝ ሰፌድ ይዤ ሣሩ ላይ ተንበረከክኩና የበተንኩትን ጤፍ መልቀም ጀመርኩ። ጤፍ ለቅማችሁ ታውቃላችሁ? በችኮላ አትለቀምም። እጅ ሲፈጥን አፈሩን ይዞ ይመጣል። እንደ ሰነፍ ሰው ቀስ ሲሉ ብቻ ነው ብቻዋን የምትነሣው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የሰበሰብኩት አንድ ጭብጥ አይሞላም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጠል ሲወዛወዝ አየሁና እየጮህኩ አላምረውን ጠራሁት። ማጭዱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ነፋስ የለም። ቅጠሏን ያወዛወዛት ወፍ ነበረች። ማክሰኞም እንዲሁ ጠራሁት፤ ያ ደግሞ ሽው ብሎ ያለፈ ነበር፤ ላይዳውን ሳያነሣ ጸጥ አለ። አላምረው ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ሆኖም ሁለተኛው ላይ ጭንቅላቱን አከከ። መምህር፣ ቅጠል አይዩ አለኝ። አባየ ነፋሱን የሚያውቁት በቅጠል አይደለም፤ ቅጠል መች ይታያቸዋል አለኝ። እውነቱን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ነፋሱን ያወቁት ሳያዩ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የእሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ሆድ ነው፤ ጾም ነው። ከዚያ ከታች የውኃ ድምፅ። አምስት ቀን እዚያ ስኖር ወንዝ መኖሩን አላወቅኩም ነበር። ከዚያ በሬው ሲያመሰኳ፣ አንዲት ሴት ከሩቅ ልጇን ስትጠራ፣ ጤዛው ሲደርቅ ገለባው ትንሽ ትንሽ ሲንቋቋ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይበርክት ይላል። ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ለተቀመጠው ሁሉ ይመርቃል። እኔም አሜን እላለሁ። በቀን ይህን ያህል አሜን ብዬ አላውቅም፤ በቅዳሴም ቢሆን የምደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ታየኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። ሰማይ አልተከፈተም፣ ድምፅ አልመጣም። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። በሌላ ቃል ልነግራችሁ አልችልም። እግዚአብሔር እዚያው ነበር፤ እኔ ከመምጣቴ በፊትም ነበር፤ እኔ ሳልቸኩል ስቀመጥ የመጣ አይመስለኝም። እኔ ነኝ የመጣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ምናልባት ረሃብም ሊሆን ይችላል።

ስምንት ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ ሰዓቴን አላየሁም፣ የግራ ጉንጬን አንድ ነገር ነካው። አልተነሣሁም። ቆየ። ሄደና ተመለሰ፤ አሁን አልሄደም። ዝግ ያለ፣ እኩል የሆነ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያለ ነፋስ ነበር። ትንሽ ደግሞ ጠበቅኩት። ከዚያ ተነሥቼ በእርጋታ ሄድኩና አላምረውን ጠራሁት። መጣ፣ ፊቱን ወደ ቆላው አዞረ፣ ይኸው መጣች አለ። እስኪመሽ ድረስ በተነ። እኔ በቅጠል ገለባውን ጠረግኩ። ጤፉ ወረደ። የወረደው ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ይህን ያህልስ ተምሬያለሁ።

ሐሙስ አባየ መጡ። አንደኛው ዓይናቸው ተሠርቷል፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ከአስፋልቱ ጀምረው ያለ ምርኩዝ፣ ልጃቸውን ኋላ ጥለው መጡ። ትርንጎ ስታለቅስ መጣች፤ እኔም አለቀስኩ። አባየ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። በጣም ሸብተሃል አሉኝ። ጤፉን አዩ፣ አመሰገኑ፣ አላምረውን ሳሙት። አጥሩ ለምን ወደቀ አሉ። በሬው ለምን ከሳ አሉ። የቤቱ ቆርቆሮ ዝጓል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ተቆጡ። እስከ ማታ ድረስ አንድ ቦታ ሲቀመጡ አላየኋቸውም።

እኔ አርብ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እንደ ተመለስኩ ምን አደረግኩ? ሐኪሞቹ ከፋሲካ በኋላ ሊመለሱ እንደሆነ ሰማሁና ለሁለተኛው ዓይናቸው በዚያው ቀን ሮጬ አስመዘገብኳቸው። ተራ ቁጥር አንድ ነው የወጣልን። እሁድ፣ ኖላዊ የሚባለው ቀን ነበር፣ የምሥራቹን ልነግራቸው ትርንጎን ይዤ አባየ ሰፈር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከጓሮ በር አልገባሁም፤ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ባልደርስ እንኳ ከወንጌሉ በፊት ደረስኩ። አባየ ከፊት ቆመዋል፣ መነጽራቸውን አድርገው። ዙሪያቸውን ያያሉ። ወደ ላይ ያያሉ። ዞር ብለው ወደ ሴቶቹ ወገን ያያሉ።

ስንወጣ ደስ ያላቸው አልመሰለኝም። ምነው አልኳቸው። ደጁ ላይ ካለ ወይራ ሥር ቆሙ። የቄሱ ጃንጥላ አዲስ መሆኑን ነገሩኝ። የጣራው ቀለም መላጡን ነገሩኝ። አላምረው የለበሰው ጋቢ የተጣፈ መሆኑን፣ የእገሌ ልጅ አግብታ መውፈሯን፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረው ዲያቆን አባቱን መምሰሉን ነገሩኝ። ቅዳሴውስ አልኳቸው። ጠፋብኝ አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቃል ሳልሰማ የወጣሁት ዛሬ ነው አሉ።

ላጽናናቸው ብዬ የምሥራቹን ነገርኳቸው። ሁለተኛው ዓይንዎም ይሠራል፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ተራ ቁጥር አንድ ነን አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። የሚያየውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዞሩ። እንደዚያ ሆነው ትንሽ ቆዩ።

“ይችኛዋን ተውልኝ፣ ልጀ” አሉ። “ቅዳሴ የምሰማው በሷ ነው።”